ዕንቁላሉን የጣለው ማን ነው? ስለ አንድ ሥዕልና ስለ ታሪኩ ሕግ የተነሣ ክርክር

ሠዓሊ በዓለም ላይ የሌለ ፍጡር ቢስል ማንም ምክንያት አይጠይቀውም። ሥዕሉ በታሪክ ውስጥ ገብቶ መኖር ሲጀምር ግን ምን ይበላል፣ እንዴት ይወለዳል፣ በስንት ጊዜ ያድጋል የሚል ጠያቂ አይታጣም። የመጽሔታችን አዘጋጆች በሥዕልና በልብ ወለድ መካከል ስላለው ግንኙነት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለኝ «ኤሊየን» የተባለው አስፈሪ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ፊልሙ በ1979 በአሜሪካ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወዳጆቹ ስለ ፍጡሩ ቅርጽና ስለ አወላለዱ ሲከራከሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ነገሩ ከሩቅ ለሚመለከተው የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን የእኛን የሠዓልያንና የንድፍ ባለሙያዎችን ሥራ በቀጥታ የሚነካ ጥያቄ አለበት። ይኸውም በሥዕል የተፈጠረ ፍጡር ሕጉን የሚቀበለው ከማን ነው የሚል ነው።

የፊልሙን ታሪክ የጠነሰሱት ዳን ኦባነንና ሮናልድ ሹሴት የተባሉ አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ድርሰቱን የጻፈው ኦባነን ነው። ሰባት ሰዎች የተሳፈሩባት የጭነት መንኮራኩር ምንነቱ ወዳልታወቀ የጥሪ ምልክት ታመራለች። በዚያም በአንድ እጅግ ጥንታዊ መርከብ ሆድ ዕቃ ውስጥ እልፍ ዕንቁላል ተደርድሮ ይገኛል። ከአንደኛው ፈንጥሮ የወጣ ፍጥረት በመርከበኛው ፊት ላይ ይጣበቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ከሰውየው ደረት ሌላ ፍጥረት ቀድዶ ይወጣል። ሐሳቡ ከጥገኛ ተርቦች ጠባይ ጋር የሚዛመድ ነው። ተርቢቱ ዕንቁላሏን በሕያው አባጨጓሬ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ እጮቹም ባለቤቱን ከውስጥ እየበሉ ያድጋሉ። ቻርልስ ዳርዊን በ1860 ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ለኤሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቸር ፈጣሪ እንደነዚህ ያሉትን ተርቦች ሆነ ብሎ ፈጠረ ብሎ ማመን እንደሚቸግረው ገልጾ ነበር። ኦባነን በበኩሉ ክሮን የሚባለውን የአንጀት በሽታ ለብዙ ዘመን የተሸከመ ሰው ነበር፤ በ2009 ለሞት ያበቃውም ይኸው ደዌ ነው። ከውስጥ የሚበላ ጠላት ለእርሱ ባዕድ ሐሳብ አልነበረም።

ሥዕሉ ግን ከኦባነን አልመጣም። እርሱ በ1975 ፓሪስ ውስጥ «ዱን» የተባለውን ልብ ወለድ ወደ ፊልም ለመለወጥ በተጀመረውና መጨረሻው ሳይሠምር በቀረው ሥራ ላይ ሳለ የስዊዘርላንዱን ሠዓሊ የሃንስ ሩዶልፍ ጊገርን ሥራዎች ተዋወቀ። በ1940 በኩር ከተማ የተወለደው ጊገር አጥንትንና ቱቦን፣ ሥጋንና ብረትን የቱ ላይ እንደሚለያዩ እስከማይታወቅ ድረስ አዋሕዶ የሚስል ሰው ነበር። የፊልሙ ዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት «ኔክሮኖም 4» የተባለውን የ1976 ሥዕል ባየ ጊዜ የሚፈልገውን ፍጡር አገኘ። ጊገር ሥዕሉን ለፊልም ሲያስተካክል ዓይኖቹን አነሣ፤ ወዴት እንደሚመለከት የማይታወቅ ፍጡር ይበልጥ ያስፈራልና። ረጅሙን ራስ ብርሃን በሚያሳልፍ ጉልላት ሸፈነው፤ የመንጋጋውን እንቅስቃሴ ደግሞ ጣሊያናዊው ካርሎ ራምባልዲ ሠራ። ለዚህ ሁሉ በ1980 ጊገርና የሥራ ባልደረቦቹ የኦስካር ሽልማት ተቀበሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጊገር የሰጠው ቅርጽን እንጂ የተፈጥሮ ታሪክን አለመሆኑ ነው። ፍጡሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሥዕሉ አይናገርም።

ያን ቆዳ ለብሶ የተጫወተው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ናይጄሪያዊ ወጣት ነበር። ለንደን ውስጥ የንድፍ ትምህርት ይከታተል ነበር፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ከዚያ ቀደም ከቤተ ሰቡ ጋር በኢትዮጵያ ኖሮ ሥነ ሥዕል የተማረው በዚሁ በአገራችን ነው። ይህን ሳነብ መገረሜን አልሸሽግም። የፍጡሩ ዝግታና የእጆቹ ርዝመት ከእርሱ የመጡ ናቸው፤ ሌላ ሰው ገብቶበት ቢሆን ኖሮ ፍጡሩም ሌላ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በፊልሙ ፍጻሜ አቅራቢያ አንድ ክፍል ተቀርጾ ነበር። ሪፕሊ የተባለችው ገጸ ባሕርይ የጠፉትን ሁለት ባልደረቦቿን በግድግዳ ላይ ተጣብቀው፣ ገላቸው ቀስ በቀስ ወደ ዕንቁላልነት ሲለወጥ ታገኛቸዋለች። ፍጡሩ እናት የለውም ማለት ነው፤ የያዘውን ሰው ራሱን ዕንቁላል ያደርገዋል፤ ዙሪያውም በዚሁ ይገጥማል። ስኮት ይህን ክፍል የቆረጠው ሐሳቡን ስለ ተወ ሳይሆን የመጨረሻውን ሩጫ ስላዘገየበት ነው። ሆኖም አለን ዲን ፎስተር በዚያው ዓመት ድርሰቱን ወደ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሲለውጥ ክፍሉን አስቀረው። ስለሆነም ከመጀመሪያው አንሥቶ ሁለት ዓይነት ወዳጆች ተፈጠሩ፤ ፊልሙን ብቻ ያዩና መጽሐፉንም ያነበቡ።

በ1986 ጄምስ ካሜሮን «ኤሊየንስ» የተባለውን ተከታይ ሲያቀርብ ያንን ሁሉ ዕንቁላል የጣለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ መልሱም እንደ ንብና እንደ ጉንዳን ያለች አንዲት ንግሥት ሆነች። ንግሥቲቱን ራሱ ነደፋት፤ በስታን ዊንስተን ወርክሾፕ ተሠራች፤ ጊገር አልተጠራም። የተራዎቹ ፍጡራን ጉልላትም ተነሥቶ ከሥር ያለው ጉርብጥብጥ ራስ እንዲታይ ተደረገ። መጽሐፉን ያነበቡት ተቆጡ። ካሜሮን በ1987 «ስታርሎግ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ለቅሬታዎች መልስ ሲሰጥ፣ ተመልካች ፊት ያልቀረበ ክፍል ሊያስረው እንደማይችል ተከራከረ።

በእኔ አስተያየት ካሜሮን በሥርዓቱ ትክክል ነው። ከፊልም የወጣ ነገር ሕግ ሊሆን አይችልም፤ ያለዚያማ በየጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ የቀረው ንድፍ ሁሉ ሊከሰን ነው። ነገር ግን ተቃዋሚዎቹ የያዙት ነጥብ ከመጽሐፉ የጠለቀ ነው። ንብ ንግሥት እንዳላት ሁላችንም እናውቃለን፤ ንግሥት ያለው ፍጡር ዘመድ አገኘ፤ ዘመድ ያገኘ ነገር ደግሞ ባዕድ አይደለም። ሥጋና ብረት አንድ ሆነው የተሳሉበት ቅርጽ ለቀፎ የታሰበ አልነበረም።

በ1992 የቀረበው የዴቪድ ፊንቸር ፊልም ሌላ ሕግ ጨመረ። ፍጡሩ ከውሻ ተወልዶ በአራት እግሩ ሮጠ (በ2003 በወጣው ረዘም ያለ ቅጂ ውሻው በበሬ ተተክቷል)። ወዳጆቹም ፍጡሩ ያደረበትን ገላ መልክ ይወርሳል ብለው ደመደሙ፤ በዚህም የ1979ኙ ፍጡር ለምን ሰው እንደሚመስል ምክንያት ተገኘለት። እውነተኛው ምክንያት በውስጡ ሰው መኖሩ ነበር። የባዴጆ ክንድና ባት በክርክር ብዛት የሥነ ሕይወት ሕግ ሆኑ። ባዴጆ ራሱ በዚያው በ1992 ገና በወጣትነቱ ሌጎስ ውስጥ አረፈ።

ነገሩን ያባባሰው የስኮት መመለስ ነው። በ2003 የቆረጠውን የዕንቁላል ክፍል በአዲስ ቅጂ መልሶ አስገባው፤ ሁለቱም አወላለዶች በሕዝብ ፊት የቀረቡ ሆኑ። በ2017 ባወጣው «ኮቨናንት» በተባለው ፊልም ግን ፍጡሩን ዴቪድ የተባለ ሰው መሰል ማሽን ሲቀምመው አሳየ። ወዳጆቹም በ1979 በጥንታዊው መርከብ ውስጥ የተቀመጠው ነጂ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንደነበረ አስታወሱት። በቅርብ የተሠራ ፍጡር ከዘመናት በፊት የሞተን ነጂ ደረት እንዴት ሊቀድድ ይችላል? ይህ ተቃውሞ መልስ ያለው አይመስለኝም። በገዛ ሥራው ላይ የተፈረደበት ስኮት በገዛ ሥራው ምስክርነት ነው።

ስለ ፍጡሩ ጥርስ ቁጥር ሳይቀር የሚሟገቱት ወገኖች እምብዛም ያላነሡት ሌላ ክርክር ደግሞ አለ። በ1997 «የኤሊየን ትንሣኤ» በተባለው አራተኛ ፊልም የባለሙያዎች ስም ዝርዝር ላይ የጊገር ስም አልነበረም። ሠዓሊው አቤቱታውን በደብዳቤ ገለጸ፤ በ1976 ከሸራው የወጣው ራስ በዚያም ፊልም ላይ ይታይ ነበርና። ጊገር በ2014 ዐረፈ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ2024 «ሮሙለስ» የተባለው ፊልም፣ ትንሹ ፍጡር በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንዴት ከሰው በላይ እንደሚያድግ ለሚጠይቁ፣ በግድግዳ ላይ የተጣበቀ እንደ ቢራቢሮ ጎጆ ያለ ነገር አሳያቸው። ወዳጆቹም ለጎጆው የሚሆነውን ሥጋ ከየት አመጣው ብለው ይጠይቁ ጀመር።