ጧሪና ቀባሪ፦ የእርጅና ነገር በካርቱም ኢትዮጵያውያን ታሪክ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውን ምርቃት ከወላጆቹ አፍ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ምርቃቱ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው። ጧሪ ማለት ሰው ጉልበቱ ሲከዳው የሚያበላው፣ የሚያሳክመውና «እንዴት አደርክ?» የሚለው ነው። ቀባሪ ደግሞ ነፍሱ ስትወጣ በክብር አፈር የሚያለብሰው ነው። ስለ ኮሚኒቲያችን አመሠራረትና ስለ በዓላቱ ሌሎች ወንድሞችና እህቶች በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለሚጽፉ፣ እኔ ስለ አረጋውያኖቻችን ለመጻፍ መረጥኩ። ታሪኩ ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በስደት ምድር መቅበሩን በማኅበር አደራጀነው፤ መጦሩን ግን ለየሰው ዕድል ተውነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጥንቱ ሥርዓት

በገጠሩ አገራችን የሽማግሌ ጡረታው ልጁና መሬቱ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ጎጆውን አጠገቡ ቀልሶ፣ መሬቱን እያረሰለት እስከ መጨረሻው ይኖራል። ልጅ ያልወለደ ሰው ላለው ንብረት «መጦሪያዬ ነው» ብሎ የሚረዳውን ሰው ያስጠጋበታል። ባሏ የሞተባት እናት ቆብ ደፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትጠጋለች። በሙስሊሙ ወገናችንም ዘንድ ዘካና ሰደቃ አቅመ ደካማውን ይደግፋሉ።

«ጡረታ» የሚለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃል ራሱ «ጦረ» ከሚለው የወጣ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የጡረታ ሕግ ያገኘው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን እስከ 2011 ጠብቋል። ዛሬ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ከደሞዝ ላይ ያዋጣሉ። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን ጡረታው ደሞዝን፣ ቀለቡም ልጅን ይፈልጋል። ደሞዝ ሳይኖረው፣ ልጁም ሳይደርስለት በሰው አገር ያረጀውስ?

እድር ከአዲስ አበባ እስከ ካርቱም

እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው በሃያኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ከየገጠሩ ወደ ከተማ የገባ ሰው ዘመድ በሌለበት ቢሞት ሬሳው እንዳይወድቅ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በወር እያዋጣ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና የለቅሶውን ወጪ ቻለ። ያው ችግር በካርቱም ሲገጥመን ያንኑ መድኃኒት ይዘን መጣን። በዴም፣ በሳጃና፣ በጅሬፍና በአምዱርማን አገር ቤት የምናውቀውን መረዳዳት ተከልን። ሰው ሲሞት ሥራ ይፈታል፤ ገንዘብ ይዋጣል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ቀብሩ ያምራል። ይህ ትልቅ ክብራችን ነውና ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ወጣት ሆነን መጥተን ሽማግሌ ሆንን

ካርቱም ኢትዮጵያውያንን ማስጠጋት የጀመረችው በእኛ ዘመን አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስደተኞቻችን ነበሩባት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1940 ካርቱም ገብተው፣ በጃንዋሪ 1941 በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የዚያ ዘመን ስደተኛ አገሩ ነፃ ስትወጣ ተመለሰ። ከ1974 አብዮት በኋላ የመጣው ግን ብዙው ቀረ። የቀይ ሽብር ሸሺዎች ተከተሉ፤ የ1984 እና 1985 ረሃብ ሌላ ብዙ ሕዝብ አመጣ።

እንግዲህ ሂሳቡን እናስላ። በ1977 በ20 ዓመቱ በመተማ ወይም በሁመራ በኩል ገዳሪፍ የገባ ወጣት በ2023 የ66 ዓመት ሽማግሌ ነበር። በመካከሉ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ከ1991 በፊት ለተሰደዱት ኢትዮጵያውያን የነበረው የስደተኝነት ምክንያት አብቅቷል በማለት ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ የስደተኝነት ጥበቃው እንዲያበቃ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ብዙው ሰው በኢቃማ ወይም እንዲያው በዘፈቀደ የሚኖር ሆነ። ሻይና ቡና ስታፈላ፣ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች እናት ስሟ በኢትዮጵያም የጡረታ መዝገብ ላይ የለም።

አስተናጋጆቻችን ሱዳናውያንም እንደ እኛው ሽማግሌን ከቤት ማውጣት ነውር ነው የሚሉ ሕዝብ ናቸው። በዚህም ምክንያት በዚህ ታላቅ ከተማ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ጥቂት ነበር። በስም የሚታወቁት በሳጃና ያለው የሴቶች ቤትና በባህሪ ያለው ዳው ሐጁጅ የሚባለው የወንዶች ቤት ነበሩ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ይህ ሁሉ ገሃድ ወጣ። ጎልማሳው ልጁን አዝሎ ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ ሲያቀና፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ አዛውንት እንዴት ይጓዝ? ማን የት ክፍል እንደሚኖር፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ የሚያሳይ አንድ የተሟላ መዝገብ በጃችን ቢኖር ኖሮ ብዙ ይረዳ ነበር።

ባሕር ማዶ ያለው ዋጋ

ከካርቱም በሠፈራ ፕሮግራም አሜሪካ የገቡ ቤተሰቦቻችንም የዚሁ ጥያቄ ተካፋዮች ናቸው። በዚያ አገር ለሽማግሌ ምግብ፣ መኝታና የዕለት እርዳታ የሚሰጥ ቤት አለ። ጄንወርዝና ኬርስካውት የተባሉት ድርጅቶች ባወጡት የ2024 ጥናት፣ የዚህ ዓይነቱ ቤት መካከለኛ ዋጋ በዚያ ዓመት 70,800 ዶላር ወይም በወር 5,900 ዶላር ነበር። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን የመኖሪያውን ወጪ አይከፍልም። ሜዲኬይድ እንደየክፍለ ግዛቱ ለእንክብካቤው ይረዳል፤ እሱም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ነው። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ወገኖች ወላጆቻችሁን ከማስመጣታችሁ በፊት፣ በ1965ቱ የአረጋውያን ሕግ መሠረት በየአካባቢው የተቋቋመውን የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ ጠይቁ። ስለ ቀን መዋያ፣ ስለ ምግብና ስለ ትራንስፖርት እርዳታ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

በአገር ቤት ያለው በር

በ2010 በብንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጥቂት ሰዎች ተነሥቶ ዛሬ ከ7 ሺህ በላይ ወገኖችን ይጦራል። የሚኖረውም በአብዛኛው ሕዝብ በሚሰጠው መዋጮ ነው። ሆኖም መቄዶንያ ከመንገድ የወደቁትን የሚያነሣ ነው፤ የእኛን ድርሻ ሁሉ በእሱ ላይ መጣል አይገባም።

ሌሎች በሮችም አሉ። በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ይታከማል፤ መክፈል ለማይችለው ድሃ ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። በ2016 አካባቢ በ11 ከተሞች፣ ደሴንና አዲስ አበባን ጨምሮ የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉ አቅመ ደካሞች ቀጥተኛ የገንዘብ ድጋፍ ነበረው። ከስደት የተመለሰ ሽማግሌ ግን እነዚህን በሮች ለማንኳኳት በመጀመሪያ የቀበሌ ነዋሪነቱን ማስመዝገብ አለበት። አርባ ዓመት አገሩን ያላየ ሰው ይህን ብቻውን ሊወጣው ይከብደዋል። አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።

ከኢዮቤልዩው በኋላ

የእኔ ሐሳብ በሱቅ ሂሳብ የሚገባ ነው። 300 አባላት ከእድሩ መዋጮ በላይ በወር 1 ዶላር ቢጨምሩ በዓመት 3,600 ዶላር ይሆናል። ለ10 አረጋውያን ሲካፈል ለእያንዳንዱ በወር 30 ዶላር ይደርሰዋል። ይህ ሙሉ ጡረታ አይደለም፤ ለመድኃኒትና ለዳቦ ግን መድረሻ ነው። ከገንዘቡም በፊት ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ሥራዎች አሉ። እነሱም የአረጋውያኑን ስም፣ አድራሻና መድኃኒት መመዝገብ፣ በየሳምንቱ የሚጠይቃቸው ወጣት መመደብ፣ ወደ አገር ለሚመለሱትም በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያሉ አባሎቻችን ቀበሌ ድረስ አብረዋቸው እንዲሄዱ ማድረግ ናቸው።

ዛሬ ኮሚኒቲያችን በካርቱም፣ በፖርት ሱዳን፣ በካይሮና በአገር ቤት ተበትኗል። ይሁን እንጂ እድር የተፈለሰፈው ዘመድ ለራቀው ሰው ነበርና መበተናችን ምክንያት ሊሆነን አይችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። ለቀብሩ ያዋጣነውን ያህል ሰውየው በሕይወት ሳለ ብናዋጣለት፣ ምርቃቱ በሁለት እግሩ ይቆማል።

ለመላው የኮሚኒቲያችን ቤተሰብ መልካም የኢዮቤልዩ በዓል። ፈጣሪ ጧሪም ቀባሪም አያሳጣን።