ደረሰኝ የሌለው ግብር

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ማኅበራችን ለባልትና ክፍሉ የበርበሬ ወፍጮ ለመግዛት ተነሣ። ገንዘቡ ከማንም የተሰጠን አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ካስቀመጥነው ቁጠባ የወጣ ነው። የግዢ ኮሚቴያችን ዋጋ ሊጠይቅ ሲሄድ ሻጩ መጀመሪያ ያነሣው ጥያቄ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ያለ ደረሰኝ 240 ሺህ ብር፣ በደረሰኝ 276 ሺህ ብር። ልዩነቱ 36 ሺህ ብር ነው። በእኛ ማኅበር 36 ሺህ ብር ማለት የሦስት እናቶች የተራ ብድር ማለት ነው።

በወሩ ስብሰባ ላይ ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን «ሀብታሙ ሳይከፍል እኛ ለምን እንከፍላለን?» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ያለ ደረሰኝ የገዛነውን ለኦዲተርም፣ ለራሳችንም ልጆች እንዴት እናስረዳለን?» አልን። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ይህ ጽሑፍ የወጣው ከዚያ ክርክር ነው። ለመወሰን ወደ ኋላ ሄደን አገራችን ግብርን እንዴት እንደከፈለች፣ ለምንስ እንደሸሸች ማየት ነበረብን።

ከጓዳ የወጣ ግብር

ገበሬ፣ ገባር፣ ግብርና፣ ግብር፤ አራቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ግብር ለንጉሥ የሚገባው ነው፤ ንጉሡ አዳራሽ አስከፍቶ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ የሚያበላውም ግብር ይባላል። ገባሩ ያስገባው እህል፣ ማርና ሙክት አዳራሹ ውስጥ ይበላል፤ የሚበላው ግን ያስገባው ሰው አይደለም። እህሉን የፈጨችው፣ እንጀራውን የጋገረችው፣ ጠላውን የጠመቀችው ሴት ደግሞ በቆጠራው ውስጥ ጭራሽ አልገባችም።

በዚያ ዘመን ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውም። በየገበሬው ቤት ይመራና ባለቤቱ ያበላዋል። «ባለቤቱ» ሲባል በተግባር ሚስቲቱ ናት። እንግዳው ያዛል፣ እሷ ትሠራለች፤ ልጆቿ የተረፈውን ይበላሉ። ከክፉ ቀን ረኀብ በኋላ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አሥራት እንዲከፈል ደነገጉ። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ወደ መንግሥት ጎተራ ያስገባል፤ ወታደሩም ከጎተራው ይሰፈርለታል እንጂ በየቤቱ አይመራም ማለት ነው። ለጓዳዋ ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ችግሩ ግን ምርቱን የሚገምተው ሹሙ ነው። ገበሬው አሥር ቁና ሲል ሹሙ ሃያ ካለ፣ ሃያ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የወጣው ከዚህ ዓይነት ኑሮ ነው። መክሰስ ያልቻለ ሰው የቀረችው መንገድ አንዲት ብቻ ናት፤ መደበቅ።

ገመዱና የጎጃም ገበሬ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ መንግሥት የመሬት ግብር በገንዘብ እንዲከፈል አወጀ። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፈለ፤ በጋሻም 15፣ 10 እና 5 ብር ተወሰነ። አዋጁ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ለማስፈጸም ግን መሬት መለካት ነበረበት፤ የጎጃም ባለ ርስት ደግሞ ገመድ ካየ ርስቱ የሚሄድ ይመስለዋል። ስለዚህ ተቃወመ፤ መንግሥትም ላላ።

በደቡቡ የአገራችን ክፍል ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። እዚያ መሬቱ በአብዛኛው የባላባት፣ የሹምና የወታደር ነው። ባለ መሬቱ የሚጠየቀውን አሥራት በጭሰኛው ላይ ይጭነዋል። ግብር ከፋይ ተብሎ የሚመዘገበው ጌታው፣ የሚከፍለው ጭሰኛው። ግብር መሸሽ ማለት ሁልጊዜ መደበቅ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። አቅም ያለው አይደበቅም፤ ሸክሙን ወደ ታች ያወርደዋል።

በ1958 ዓ.ም. የጉልት ግብር ቀረ፤ ኅዳር 1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይከፍላል የሚል ነው። ግን ምርቱን የሚገምቱት ከላይ የተላኩ ገማቾች ነበሩ። ገበሬው ያንን ግምት የሚያምንበት ምክንያት አልነበረውም።

ከመካከላችን አንዷ እናት የሞጣ ልጅ ናቸው። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ገማቾች ይመጣሉ ሲባል ከብቶቹን ወደ ቆላ እንደነዱ፣ እናታቸው ደግሞ የዘር እህሉን ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው በላዩ ላይ ምድጃ እንደሠሩበት በስብሰባው ላይ ነገሩን። ከዚያ የመጣውን ታሪክ የመዘገበው ነው። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው ጠመንጃ አንሥቶ ወጣ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ የውዝፍ ግብር ምሕረት ተደረገ፣ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ። «እኛ ያሸነፍን መሰለን» አሉ እማማ፤ «ግን ትምህርት ቤት አልመጣልንም፣ ሐኪም ቤትም አልመጣልንም። መንግሥት ግብሩን ተወ፣ እኛንም ተወን።»

ይህን ከሰማን በኋላ ስብሰባው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ኬላው

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ለባለ መሬት የሚወርደው ድርሻ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ግን ገበሬው ለመንግሥት የእህል ግዢ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ ኮታ እንዲያስገባ ተገደደ። ዋጋው ከገበያው ያነሰ ስለሆነ ልዩነቱ ራሱ ግብር ነው፤ ስሙ ብቻ ግብር አይባልም። ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስገባ ነበር። በየኬላው ፍተሻ ነበረ፤ ከመካከላችን ለልጆቻቸው ሁለት ቁና ጤፍ በልብስ ጠቅልለው ኬላ ያለፉ እናቶች አሉ። ያንን «ኮንትሮባንድ» ይሉት ነበር።

ለከተማው ነጋዴና ለባለ ሙያው ደግሞ የገቢ ግብሩ ከፍተኛው ጣሪያ እስከ 89 በመቶ ደረሰ። ከመቶ ብር 89ኙን የሚጠይቅ ሕግ ሰውን ሁለት መዝገብ መያዝ ያስተምራል፤ አንዱ ለመንግሥት፣ አንዱ ለራስ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ጣሪያው ወደ 50፣ ወደ 40፣ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ወደ 35 በመቶ ወረደ። ሁለት መዝገብ የመያዝ ልማድ ግን እንደ ጣሪያው አልወረደም።

ደረሰኙ

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሽያጭ ታክስ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ፤ 15 በመቶ። ይህ ታክስ የሚሠራው በደረሰኝ ሰንሰለት ነው። አስመጪው ለጅምላ ሻጩ፣ ጅምላ ሻጩ ለቸርቻሪው፣ ቸርቻሪው ለእኛ ደረሰኝ ይሰጣል። እያንዳንዱ ሲገዛ የከፈለውን ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ቀንሶ ልዩነቱን ለመንግሥት ያስገባል። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ቀጥሎ ያለውም ይበጠሳል። ያለ ደረሰኝ የገዛ ነጋዴ የሚቀንሰው ስለሌለው በደረሰኝ መሸጥ አይፈልግም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የመጣው ይህንን ለመጠገን ነው። ሆኖም ማሽኑ ተበላሽቷል የሚለው ሰበብ፣ ዕቃ ሳይሸጥ የሚሸጠው ሐሰተኛ ደረሰኝና ያ የሁለት ዋጋ ጥያቄ አብረው መጡ።

መዝገብ ለማይዙ ትናንሽ ነጋዴዎች ደግሞ ቁርጥ ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ መሠረት የዓመት ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ በደረጃ ሐ ተመድበው ነበር። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በየሱቁ ሲካሄድ፣ ሐምሌ ላይ የግምቱ ውጤት ሲወጣ አገር ተንጫጫ። በአምቦና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ከአባሎቻችን አንዷ በዚያ ዓመት ሻይና ብስኩት የምትሸጥበትን ኪዮስክ ዘግታለች። ገማቾቹ የመጡት በበዓል ዋዜማ ነበር፤ የዋዜማውን ሽያጭ በዓመቱ ቀን ሁሉ አባዙት። ቅሬታ አቀረበች፣ ተመላለሰች፣ ደከማት፣ ቁልፉን መለሰች። ከሹሙና ከቁናው ዘመን እስከዚህ ድረስ ግምቱ ስሙን ቀየረ እንጂ መልኩን አልቀየረም።

ማን ከፈለ?

እንግዲህ ሁሉም በየአቅሙ ሲሸሽ አገሪቱ ምን ሆነች? ከአሥር ዓመት በፊት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከ12 በመቶ በላይ የነበረው የታክስ ገቢ በቅርብ ዓመታት ከ8 በመቶ በታች ወርዷል። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች አማካይ የዚህ እጥፍ ገደማ ነው። ጥፋቱ የሸሸው ሰው ብቻ አይደለም። ጦርነት ነበረ፤ ለባለ ሀብት የሚሰጠው የታክስ እፎይታ ሰፊ ነው፤ በኮንትሮባንድ የሚወጣውና የሚገባውም ብዙ ነው። ያም ሆኖ መንግሥት ወጪውን አላቆመም። በግብር ያልሸፈነውን ተበደረ፤ ከውጭም፣ ከብሔራዊ ባንክም።

ከብሔራዊ ባንክ የተወሰደው ገንዘብ ገበያ ላይ ያለውን ብር አበዛ፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ አለፈ። ከውጭ የተወሰደውም ቀኑ ደረሰ። በ2007 ዓ.ም. አገራችን በዓለም ገበያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣ ነበር። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የዚህን ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የዓለም የገንዘብ ድርጅትም 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያበድር ተስማማ፤ ከሚጠብቃቸው ነገሮች አንዱ ታክስ በሰፊው እንዲሰበሰብ ነው።

የዋጋ ንረት ደረሰኝ የሌለው ግብር ነው። ገማች አይልክም፣ ቅሬታ አይሰማም፣ ደረጃ አያውቅም። ዶላር ያለው፣ ቤት ያለው፣ መሬት ያለው ይተርፈዋል። በሣጥን ውስጥ ብር ያስቀመጠችው ሴት ግን በአንድ ዓመት ከአራት ብር አንዱን ያህል ታጣለች። ለወፍጮው ሁለት ዓመት ቆጥበን እንደነበር ከላይ ጽፈናል። መቆጠብ ስንጀምር ያው ወፍጮ ከያዝነው ገንዘብ በግማሽ ይገዛ ነበር። ስለዚህ «እኛ ለምን እንከፍላለን?» የሚለው ጥያቄ ተለወጠብን። ስንከፍል ኖረናል። የከፈልነው ግን ማንም በማይቆጥረው፣ መልሰንም ምንም ልንጠይቅበት በማንችለው መንገድ ነው።

የወሰንነው

በሁለተኛው ስብሰባ ድምፅ ተሰጠ፤ በጠባብ ልዩነት በደረሰኝ እንዲገዛ ተወሰነ። ዋጋ የሌለው ውሳኔ አልነበረም። ተራቸው የደረሰ ሦስት እናቶች ብድራቸው ለአራት ወር ተራዘመ። አንዷ በዚያ ምክንያት የልጇን የሙያ ትምህርት ክፍያ ከጎረቤት ተበድራ ከፈለች። ይህንን የምንጽፈው ደጋፊዎቻችን እንዲያመሰግኑን አይደለም፤ በሕግ መኖር ለድኻ ከሀብታም ይልቅ እንደሚወደድ እንዲያውቁት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ጀምረናል። አንደኛ፣ የዕለት ገቢና ወጪ መዝገብ በየቤቱ እንዲያዝ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ለማይችሉት በየሳምንቱ ይጽፋሉ። ገማች ሲመጣ «ይኸው መዝገቤ» የምትል ሴት በዋዜማ ሽያጭ አትገመትም። ሁለተኛ፣ የቀን ገቢ ግምት ቅሬታ ያላት አባል ብቻዋን አትሄድም፤ አምስት ሆነን አብረን እንሄዳለን። በዚህ ዓመት ሁለት ግምቶች ተሻሽለዋል።

ወፍጮው ተተክሏል፤ ደረሰኙም በቢሮአችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሞጣዋ እናታችን ማንበብ ባይችሉም በየስብሰባው ፊቱ ቆመው ያዩታል። አንድ ቀን ምን እንደሚያስቡ ጠየቅናቸው። «አሁን ሐኪም ቤቱን መጠየቅ እንችላለን» አሉ። በሚቀጥለው ወር ለወረዳው የምናስገባው ማመልከቻ ስለ ሰፈራችን ጤና ኬላ ነው፤ የደረሰኙንም ቅጂ አብረን እናያይዘዋለን።