የደቡብ ምዕራቡ ቡና የወረደበት የኮራል ዳርቻ

ከሚዛን አማን የሚነሳ ቡና ዛሬ መንገዱ የታወቀ ነው። ቦንጋን አልፎ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ጅቡቲ። የቤንች፣ የሸካና የካፋ ነጋዴ ስለ ባህር ሲያወራ በሐሳቡ የሚመጣው የጅቡቲ ወደብ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ከዚህ ደን አገር የሚወጣ ብዙ ቡና ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በወንዝና በባቡር ተጉዞ ፖርት ሱዳን ይደርስ ነበር። ፖርት ሱዳን በዚያ ዘመን ስሟ የሚነሳው በወደብነቷ ብቻ አልነበረም። መንገደኞች ተሰብስበው በጀልባ እየወጡ ከውሃው በታች ያለውን የኮራል ዓለም ከሚያዩባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ውል ነው። በ1902 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ሲፈራረሙ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። መጀመሪያ የታሰበው ኢታንግ አካባቢ ነበር፤ ኋላ ጋምቤላ ተመረጠችና በ1904 ጣቢያው ተተከለ። የኪራዩ ዘመን የተወሰነው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ በሚል ነበር።

ክረምት ሲገባ ባሮ ይሞላል። ያኔ በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች ጀልባ በጎናቸው አስረው፣ ማገዶ እየማገዱ፣ ከካርቱም ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ጋምቤላ ይደርሳሉ። ውሃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ የጎሬ ነጋዴ የሚያሰላው በወንዙ ነበር። ቡናው ከደጋው ተነስቶ፣ ቡሬን አልፎ፣ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቁልቁል ይወርዳል። ቆላው ውስጥ ገንዲ ስላለ ለበቅሎም ለባለ በቅሎም ክፉ መንገድ ነው። የግሪክ፣ የሶርያና የአርመን ነጋዴዎች ጋምቤላ ላይ መጋዘን ይዘው ቡናውን ይረከባሉ፤ በምላሹ አቡጀዲና ጨው ወደ ደጋው ይወጣል። ጨዉን ሳስበው ይደንቀኛል። በፖርት ሱዳን ዳርቻ የባህር ውሃ በፀሐይ እየደረቀ ጨው ይመረት ስለነበር፣ በኢሉባቦር ወጥ ውስጥ የገባው ጨው ብዙ ጊዜ የቀይ ባህር ጨው ሳይሆን አይቀርም።

ቡናው ባሮን፣ ሶባትንና ነጭ ዓባይን ይዞ ካርቱም ይገባል። ከካርቱም በባቡር ወደ ሰሜን ወደ አትባራ ይሄዳል። ጉዞው ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ከደቡብ ምዕራባችን ተራሮች የወረደው ውሃ በዓባይ ወደ ግብፅና ወደ ሜዲትራኒያን ይቀጥላል። ለባህር ማዶ ገበያ የተጫነው ቡና ግን በ1906 ተመርቆ በተከፈተው ሐዲድ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ቀይ ባህር ይወርዳል።

ውሃው ወደዚያ አለመታጠፉ ለኮራሉ በጀው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም የጥቃቅን እንስሳት ሥራ ነው። ቅርፊታቸውን በኖራ እየገነቡ፣ አንዱ ትውልድ በሌላው ላይ እየበቀለ፣ በሺህ ዓመታት ግንብ ያህል ይሆናሉ። በገላቸው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ አልጌዎች ምግባቸውን የሚሠሩት በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ ጥሩ የሚያድገው ጥርት ባለ ውሃ ነው። ቀይ ባህር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ በዳርቻውም ዝናብ ጥቂት ነው። በክረምት አፈር ተሸክሞ የሚደፈርሰው ባሮ እዚያ ቢፈስ ኖሮ ኮራሉን ባፈነው ነበር።

ወደቡን ያስለወጠውም ይኸው ኮራል ነው። የሱዳን የጥንት ወደብ ሱዋኪን ነበረች፤ ቤቶቿ ከባህር ተቆርጦ በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ። መግቢያዋ ግን በኮራል ግንብ መካከል የሚያልፍ ጠባብ መስመር ስለሆነ ለአዲሶቹ ትላልቅ መርከቦች አስቸገረ። እንግሊዞች ወደ ሰሜን ተጉዘው ጥልቅ መግቢያ ያለው ሌላ የባህር ሰላጤ መረጡና አዲስ ከተማ ቆረቆሩ። ፖርት ሱዳን በ1909 በይፋ ተከፈተች፤ ሱዋኪን ቀስ በቀስ ባዶዋን ቀርታ የኮራል ቤቶቿ ፈራረሱ።

በአንደኛውና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ባሉት ዓመታት ከእንግሊዝ ወደ ህንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚሄዱ መርከቦች ፖርት ሱዳን ላይ ይቆሙ ነበር። ጭነት ሲወርድና ጥጥ ሲጫን ተሳፋሪው ሥራ ይፈታል። በዚህ ጊዜ ባለ ጀልባዎች ይመጣሉ። ጀልባቸው ወለሉ ላይ መስታወት የተገጠመለት ነው፤ ሰዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ታች ያያሉ። ከወደቡ ብዙ ሳይርቁ የኮራሉ ግንብ ይጀምራል። ነፋስ ሲነሳ ውሃው ስለሚታወክ ባህሩ ጸጥ ያለበት ሰዓት ይመረጣል፤ ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ደግሞ ብርሃኑ ጠልቆ ይገባል። እዚያ ዋነኛው ትርኢት እንደ በቀቀን አፍ ያለው ዓሣ ነው። ኮራሉን በጥርሱ ይገምጣል፣ ይፈጫል፣ የማይፈልገውን ነጭ አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። በኮራል ደሴቶች ዳርቻ የሚታየው ነጭ አሸዋ ብዙው የዚህ ዓሣ ሥራ ነው። መዋኘት የማይችል ሰውም ልብሱ ሳይረጥብ ይህን አየ። ቡናውን የለቀመው የደጋ ሰው ግን ምርቱ የተጫነበትን ውሃ የማየት ዕድል አልነበረውም፤ ይህን ሳስብ ቅር ይለኛል።

ቡናው ሁሉ ባህር አልተሻገረም። ሱዳን ራሷ ትልቅ ጠጪ ናት። በወደቡ ብዙውን የጉልበት ሥራ የሚሠሩት የቤጃ ሰዎች ጀበናቸውን ከዝንጅብል ጋር አፍልተው በትናንሽ ስኒ እየደጋገሙ ይጠጣሉ። የኛ ሰው ቤታቸው ቢገባ እንግድነት አይሰማውም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ሰኔ 1940 ኡምብሪያ የምትባል የኢጣሊያ መርከብ በሺዎች የሚቆጠር ቶን ቦምብና ፈንጂ ጭና ወደ ምፅዋ ስታመራ እንግሊዞች ፖርት ሱዳን ላይ አስቆሟት። ጭነቱ ያን ጊዜ ኢትዮጵያን ይዞ ለነበረው የፋሺስት ጦር የተላከ ነበር። ኢጣሊያ ጦርነት ባወጀችበት ቀን የመርከቧ ሠራተኞች ውሃ አስገብተው ዊንጌት በሚባለው የኮራል ግንብ አጠገብ አሰጠሟት። ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈ ኦስትሪያዊው ጠላቂ ሐንስ ሐስ እዚያ ወርዶ ቦምቡ እንደ ተደረደረ፣ የመርከቧ ብረት በኮራል እንደ ተሸፈነ አገኘ። በእነዚህ ውሃዎች ያነሳው ፊልም በ1951 በቬኒስ ተሸለመ። በ1963 ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ሻብ ሩሚ በተባለው ቦታ የብረት ቤት ከውሃ በታች ተክሎ ሰዎች አንድ ወር ኖሩበት። የቤቱ ቅሪት እስካሁን እዚያው አለ።

ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃና ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። የቡናው ጭነት በአዲስ አበባ በኩል መሄድ ለመደ፤ የወንዙ ንግድም ደከመ። ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ ያለው የሳንጋኔብ ኮራል በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይሁን እንጂ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ በሱዳን ጦርነት የተፈናቀለ ሕዝብ ከተማዋን ሞልቷታል፤ ባህር ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን መጠለያ የሚፈልግ ቤተሰብ ነው ያለው።

ዛሬ ከአማን ቡና ጭኖ የሚወርደው ሹፌርም የሚደርሰው ኮራል አጠገብ ነው። የጅቡቲ አሮጌው ከተማ ራሱ የቆመው በኮራል ድንጋይ ላይ ነው። ከወደቡ ፊት ለፊት ሙሻና ማስካሊ የተባሉ ደሴቶች አሉ፤ በሳምንት መጨረሻ የከተማው ሰው ምግቡን ይዞ፣ በቡድን ጀልባ ተከራይቶ፣ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ሹፌሩ ተራ እየጠበቀ ጅቡቲ ላይ ማደሩ ካልቀረለት፣ ከመኪናው ወርዶ ከዚያ ጀልባ ላይ ቢወጣ፣ ቡናው ዛሬ በሚያልፍበት ዳርቻ ከውሃው በታች ያለውን ያያል።