ስታዋጡ እጨምራለሁ

ታክሲ ከመያዜ በፊት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩና ዛሬ አንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ፍቀዱልኝ።

ከጆሃንስበርግ በስተምዕራብ፣ ሮደፖርት አካባቢ፣ ዊልገስፕሩት የተባለ የክርስቲያኖች የስብሰባና የሥልጠና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1948 ተመሠረተ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ አፓርታይድን ያወጀው ብሔራዊ ፓርቲ ሥልጣን የያዘበት ነው። ጥቁርና ነጭ ወጣቶች በሥራ ካምፕ አብረው እያደሩ በገዛ ጉልበታቸው ግንባታውን አገዙ።

ጉልበት ኖሮ ገንዘብ ቢያጥርስ? አሜሪካዊው ባለጸጋ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር ተማክሮ፣ ከ1912 ጀምሮ ለደቡብ ጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ማሠሪያ ሰጠ። ነገር ግን መንደሩ ድርሻውን ካላዋጣ አይሰጥም ነበር። ገበሬው ከጥጥ ማሳው ቆርሶ፣ እንጨት አቅርቦ፣ ጉልበቱን ጨምሮ አዋጣ። እስከ 1932 ድረስ ከ4,900 በላይ ትምህርት ቤቶች ቆሙ። ፈንዱ ወደ 4.3 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ፣ ጥቁሮቹ ያዋጡት ወደ 4.7 ሚሊዮን ደረሰ። ተቀባዩ ከሰጪው በለጠ ማለት ነው!

ቅሬታም አለኝ። እነዚያ ገበሬዎች ግብር ከፋዮች ነበሩ፤ የሕዝቡ ገንዘብ ግን አብልጦ ለነጭ ልጆች ይፈስ ነበር። ለልጆቻቸው ሁለቴ ከፈሉ።

ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ኋላ ፈራረሱ። በ2002 ለጥፋት ከተጋለጡ የአሜሪካ ቅርሶች ተርታ ተመዘገቡ፤ በየቦታው የቀድሞ ተማሪዎች ዳግመኛ አዋጥተው ጠገኑ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ለልጆቻችን ማረፊያና መማሪያ ጥገና «ስታዋጡ እጨምራለሁ» የሚል ሲመጣ በደስታ እንቀበለው፤ እንደ እድራችን መዝገብ ግን የእያንዳንዱን ድርሻ እንጻፍ። ቤቱ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው እሱ ነው።