ነርሲንግ ልትማሩ ነው? ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እዩ

ጠመንጃ ያዥና ልደታ አካባቢ ሆናችሁ ነርሲንግ ለመጀመር ላሰባችሁ ይህን አዘጋጅተናል።

መንገዱ ሁለት ነው፦

• በሌቭል (ቴክኒክና ሙያ)፦ ስትጨርሱ የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ ትፈተናላችሁ።

• በዲግሪ፦ 4 ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የግልም የመንግሥትም ተማሪ ይፈተናል።

በሁለቱም ቢሆን ተመርቆ መውጣት ብቻውን አያሠራም፤ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኮሌጁ እውቅና ከሌለው ግን ብሩም ዓመታቱም ሊባክኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1. እውቅናው ለነርሲንግ፣ ለዚህ ደረጃና ለዚህ ካምፓስ ነው ወይ? ለአካውንቲንግ የተፈቀደለት ኮሌጅ ለነርሲንግ ላይፈቀድለት ይችላል። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ወረቀት አትርኩ። የዲግሪውን ከትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን፣ የሌቭሉን ከከተማው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አጣሩ።

2. አታችመንት የት ነው? ጥቁር አንበሳና ባልቻ ልደታ ውስጥ ናቸው፤ ቅርብ ስለሆኑ ግን ኮሌጃችሁ እዚያ ይልካችኋል ማለት አይደለም። የሆስፒታሉን ስም በግልጽ ይንገሯችሁ።

3. ከክፍያው ውጪ ምን አለ? ጋዋን፣ ዩኒፎርም፣ ትራንስፖርት፣ የምዘና ክፍያ ደምሩ።

ትምህርቱ ሲጀመር አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ይቀድማሉ፤ መርፌ መውጋት መጀመሪያ በአሻንጉሊት ላይ ነው። ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት ግን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጀምሩ። 3 ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን ለመጨረስ 6 ወር ገደማ ይፈጃል።

ሊመዘገብ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።