የሐኪሙን ቀለብ የቻለ ማን ነበር? የገጠር የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ድጎማ ከ1762 ወዲህ



ዛሬ የምናገረው ስለ ገንዘብ ነው። የእንስሳት ሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ስለ ወረርሽኙ፣ ስለ ክትባቱና ስለ ታላላቆቹ ተመራማሪዎች ብዙ ይባላል። ተማሪው ትምህርቱን እስኪጨርስ ቀለቡን የቻለው ማን እንደ ነበረና በምላሹ ምን እንደ ጠየቀው ግን እምብዛም አይነሣም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በአውሮፓ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1762 በፈረንሳይዋ ሊዮን ተከፈተ። መሥራቹ ክሎድ ቡርዥላ የከተማይቱ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊና ስለ ፈረስ መጻሕፍት የደረሰ ሰው ነበር። ወዳጁ አንሪ ቤርታን አስቀድሞ በሊዮን የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ ሠርቶ፣ በኋላም የመንግሥቱን ገንዘብ የሚቆጣጠር ሹም ሆነ። በእርሱ ድጋፍ የንጉሡ ምክር ቤት በ1761 ለትምህርት ቤቱ በ6 ዓመት የሚከፈል 50,000 ሊቭር ፈቀደ። ያስገደደው የከብት ወረርሽኝ ነበር፤ በተለይም እኛ «ደስታ» የምንለው። እንዲህ ያለ መቅሠፍት በአማርኛ ይህን ስም መያዙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ይኸው በሽታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በምጽዋ በኩል ወደ ሀገራችን ገብቶ አብዛኛውን ከብት ፈጅቶ፣ ክፉ ቀን የሚባለውን ዘመን አምጥቷል።

የንጉሡ ገንዘብ ትምህርት ቤቱን ለማቆም እንጂ ተማሪውን ለማኖር የታሰበ አልነበረም። በዚህ ጊዜ አንድ አዲስ አሠራር ብቅ አለ፤ አውራጃዎች የራሳቸውን ልጆች መርጠው፣ ቀለባቸውን ችለው ወደ ሊዮን ይልኩ ጀመር። ከተላኩት ብዙዎቹ የገበሬዎችና ለፈረስ የብረት ጫማ የሚመቱ ባለእጆች ልጆች ነበሩ። ውሉ አጭር ነው፦ እኛ እናስተምርሃለን፣ አንተ ተመልሰህ ከብታችንን ታክማለህ። ዛሬ «በአገልግሎት የሚከፈል ስኮላርሺፕ» ብለን እንደ አዲስ ግኝት የምናቀርበው ሐሳብ ከሙያው ትምህርት ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ዓመት በዶፊኔ ግዛት የከብት በሽታ ተነሣ። ቡርዥላ ተማሪዎቹን ወደ መንደሮቹ ላካቸው። ገና ብዙ ያልተማሩ ወጣቶች ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ስም ግን በዚህ ሥራቸው ተሰማ፤ በ1764ም «ንጉሣዊ» የሚለውን ማዕረግ አገኘ። በእኔ ግምት እነዚያ ወጣቶች በበረቱ ውስጥ ያገኙት ዕውቀት በሊዮን አዳራሽ ከሰሙት አያንስም። መንደሩም ገና ተማሪ ሳሉ አያቸው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላማረም። ወጪውን የቻሉት አውራጃዎች ልጃቸው ቶሎ እንዲመለስላቸው ፈለጉ፤ ቡርዥላ ደግሞ ሠልጥኖ እንዲወጣ። የተመለሰውም ወጣት በመንደሩ ነባር ባለእጆችን አገኘ፤ እነርሱ ርካሽ ናቸው፣ ይታወቃሉ፣ የገበሬውም እምነት ከእነርሱ ጋር ነው። ጥቂት እንደራሴዎች ይህን ተረድተው ለተመላሹ ሐኪም ዓመታዊ መተዳደሪያ ቆረጡለት፤ ሌሎቹ ተማሪውን በመላክ ሥራቸው የተፈጸመ መሰላቸው። ጦሩም ከ1769 ጀምሮ ከፈረሰኛ ክፍሎቹ ሰዎችን ፓሪስ አጠገብ ወዳለው የአልፎር ትምህርት ቤት እየላከ ያስተምር ነበር፤ የሠለጠነውም ሰው ቋሚ ቀለብ ነበረው። መንደር ከዚህ ጋር መወዳደር አልቻለም።

የውጭ መንግሥታትም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ከዴንማርክ የተላከው ፔተር ክርስቲያን አቢልጎር በ1773 በኮፐንሃገን፣ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ስዊድናዊው ፔተር ሄርንክቪስትም በ1775 በስካራ ትምህርት ቤቶችን መሠረቱ።

አሁን ወደ እኛ ዘመን ልለፍ። ፈረንሳይ ዛሬም የገጠር የእንስሳት ሐኪም እጥረት አለባት። በዲሴምበር 2020 የወጣ ሕግ የአካባቢ መስተዳድሮች ለእንስሳት ሕክምና ተማሪ የትምህርት አበል እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ተማሪው በምላሹ ሐኪም በሌለበት ዞን ቢያንስ 5 ዓመት ለመሥራት ይፈርማል። ከ250 ዓመት በኋላ አውራጃው ተመልሶ ከፋይ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያወሳው ይህን አበል ነው። እኔ ግን በዚያው ሕግ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፈቃድ አስበልጣለሁ፤ በእነዚህ ዞኖች የተግባር ልምምድ ለሚያደርግ ተማሪ የቤት ኪራይና የመጓጓዣ ወጪ መክፈል ተፈቅዷል። ትልቁ አበል የሚገዛው ቃል ኪዳን ነው። ትንሿ ግን የመጨረሻ ዓመት ተማሪውን፣ እጁ ሥራ በሚለምድበት ጊዜ፣ ከበረቱ ታደርሰዋለች፤ እንደ 1762ቱ።

አሜሪካ የመረጠችው ሌላ ነው። በ2003 ያወጣችው ሕግ ዕዳውን ከምረቃ በኋላ የሚያቃልል ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች በ2010 ሲመረጡ እጥረት ባለበት አካባቢ 3 ዓመት ለሚያገለግል ሐኪም በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ይከፈልለት ነበር። ጠንካራ ጎኑ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አዋቂ ሰው መፈረሙ ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ዓመት የመስክ ወጪ ያጣውን ተማሪ አይደርስለትም፤ ከገጠር የመጣው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው በዚያ ወቅት ነው።

በሀገራችን ከ2003 ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት አለ። ተመራቂው የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርት ወጪውም ከፊሉን፣ ከደመወዙ በሚቆረጥ ግብር ይመልሳል። መምህር ለመሆን ለሚሠለጥኑት ግን ዕዳው በአገልግሎት እንዲካካስ በር ተከፍቷል። በሩን ለሌላ ሙያ ማስፋት ቢታሰብ፣ በሊዮን ታሪክ ፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በመጨረሻው ዓመት ተማሪውን ወደ አርብቶ አደሩ ወረዳ የሚያደርሰው መኪና፣ የሚያድርበት ክፍልና የሚይዘው መድኃኒት በየትኛው በጀት ውስጥ ይገባል? የ1760ዎቹ እንደራሴዎች ቀለቡን ጽፈውታል፤ ተመላሹ በመንደር የሚኖርበትን ግን አብዛኞቹ ባዶ ትተውታል።