ዳኛ ስሚዝና የ«ኤ» ቁጥራችን

ከኢሚግሬሽን በሚደርሰን ወረቀት ላይ በ«ኤ» ፊደል የሚጀምረው ቁጥር መነሻው የ1940 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ነው። ሕጉ ዕድሜው 14 ዓመት የሞላ የውጭ ዜጋ ሁሉ እንዲመዘገብና አሻራ እንዲሰጥ አዘዘ። ረቂቁን ያቀረቡት እዚሁ አሌክሳንድሪያ ጠበቃና ዳኛ የነበሩት ሃዋርድ ስሚዝ ሲሆኑ፣ «ስሚዝ አክት» የሚባለውም በስማቸው ነው።

ስሚዝ በ1930 ተመርጠው እስከ 1967 መጀመሪያ ኮንግረስ ውስጥ ቆዩ። በ1952 አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ወደ ሌላ የምርጫ ክልል ሲዛወሩ፣ ለእሳቸው የቀረው በአብዛኛው እንደ ፎኪየር ያለ የእርሻና የከብት አገር ነበር። መራጩም ጥቂት ነበር። በቨርጂኒያ ለመምረጥ በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ያውም የሦስት ዓመቱን ውዝፍ ከምርጫው ስድስት ወር አስቀድሞ መክፈል ግድ ስለነበረ፣ ጥቁሩም ድሃው ነጭም ቤቱ ይቀራል። እኒህ ጥቂቶች የላኳቸው ሰው ታዲያ ከ1955 ጀምሮ የምክር ቤቱን የደንብ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት ያዙ። ረቂቅ ሕግ ለድምፅ የሚቀርበው በዚያ ኮሚቴ በኩል ነው። በ1957 የጥቁሮች መብት ረቂቅ ሲመጣ፣ የከብት በረቴ ተቃጥሏል ብለው እርሻቸው ገቡ፤ ኮሚቴውም ሳይሰበሰብ ቆየ። (በረቱ በእርግጥ ተቃጥሎ ነበር!)

ግብሩ በ1964 ለፌዴራል ምርጫ ቀረ። አኒ ሃርፐር የተባሉ የፌርፋክስ ጥቁር ሴት ተሟግተው፣ በማርች 1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለስቴት ምርጫም ሻረው። በዚያው ዓመት ጁላይ፣ ስሚዝ በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ በጥቂት መቶ ድምፅ ተሸነፉ። ወንበሩ ግን ላሸነፋቸው ሰው አልሆነም፤ በኖቬምበር ሪፐብሊካኑ ዊሊያም ስኮት ወሰደው።